እትዬ ዘሃራ ሱቋን ዘግታ ቦይ ያሳየችኝ ቅዳሜ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፣ ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ እዚህ ጋ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠራርጌ አልፌዋለሁ። ኃጢአት ሆኖ አይደለም፤ የሚያሳፍር ሆኖብኝ ነው። ኃጢአት ሲሆን እኮ ቀኖና ተቀብሎ መገላገል ይቻላል። ለሞኝነት የሚሰጥ ቀኖና ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ የእኛ ሰው ደግነቱ ወቅት አለው። ስትታመሙ ሾርባ ይዞ ይመጣል፤ ስትወልዱ ገንፎ ያገነፋል፤ ስታገቡ ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ይጨፍርላችኋል። ከዚያ ውጪ ባለው በአዘቦቱ ቀን ሁሉም በየሥራው ነው፤ ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ሥራ አለው። እንግዲህ አልታመማችሁም፣ አልወለዳችሁም፣ አላገባችሁም፤ ሰዎች ግን ድንገት ከበብ አድርገዋችሁ «ቁርስ በልተሻል? ብርዱ ክፉ ነው ደረብ አድርጊ፤ አንቺ ቁጭ በይ እኔ አመጣልሻለሁ» ማለት ጀመሩ። ይህ ምን ማለት ነው? አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ሞቶባችኋል፤ ያልሰማችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ፈረንጅ በዚህ በኩል ችግር የለበትም። ያኔ ብሩክሊን ፓርክ ውስጥ በአንድ መጋዘን ቢሮ ሂሳብ እሠራ ነበር፤ አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት አንድ ቀን ስልክ አነሳች፣ አዳመጠች፣ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋች። አባቷ ሞቶ ነው። ያን ቀን ከሁለታችን እያለቀስኩ ወደ መጸዳጃ ቤት የሮጥኩት እኔ ነኝ።

እኛ ዘንድ ግን መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ ዘመቻ ነው። መጀመሪያ ማን ይንገራት የሚል ምክር ይደረጋል። ሥራዋ ላይ እንዳትሰማ ቅዳሜና እሑድ ይጠበቃል። ባዶ ሆዷን እንዳትደነግጥ መብላቷ ይጣራል። ከዚያ አንድ የታመነ ሰው በሆነ ምክንያት ከቤቷ ያወጣታል፤ ሌሎቹ እዚያ ወንበር ይደረድራሉ፣ ድስት ይጥዳሉ። አለዚያም ገና ጎህ ሳይቀድ በሯ ላይ ተሰብስበው ያንኳኳሉ። ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ተሳትፌያለሁ። በእኛ ሕንፃ የምትኖር አንዲት ልጅ አባቷ አርፎ፣ እሷን ከቤት የማራቁ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። እንደ እኔ ያለ ዓይነ አፋር ሰው አይጠረጠርም ብለው ነው የመረጡኝ። ከገበያ ገበያ መጋረጃ ላሳያት ዋልኩ፤ ቡናማው ይሻላል፣ ሰማያዊው ይሻላል እያልኩ። ሰማያዊውን ገዛች። ስንመለስ ቤቷ በሰው ተሞልቶ ነበር። ያ መጋረጃ እስካሁን የተሰቀለ አይመስለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው መጋረጃ እንግዛ ሲለኝ ሥራ አለብኝ ብዬ እሸሻለሁ።

ለእኔ የተዘጋጀልኝ ግን መጋረጃ አልነበረም። ቦይ ነበር።

እትዬ ዘሃራን ላስተዋውቃችሁ። የደሴ ሰው ናት፤ ኮሎምቢያ ሃይትስ በሚገኘው አፓርታማችን ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ትኖራለች፤ ፊሊፕስ የሚባል ሰፈር ውስጥ በርበሬም፣ ሻሽም፣ የስልክ ካርድም የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻት። በዕድሜ እናቴን ባታክልም ታላቄ ናት። አንቺ የምላት እሷው አስገድዳኝ ነው፤ «አንቱ ስትይኝ ጉልበቴን ያመኛል» ትላለች። ይህች ሴት ሱቋን ዘግታ አታውቅም። በረዶው መኪና ውጦ ከተማው በሙሉ ከቤት አትውጡ በተባለ ቀን እንኳ ክፍት ነበረች። የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ምጥ የያዛት እዚያው ባንኮኒው ጀርባ ነው፤ ለደንበኛዋ መልሱን ሰጥታ፣ መርቃ ሸኝታ ነው ሆስፒታል የሄደች ይባላል። ወሬ ነው እንዳልል ባለቤቷ ጋሽ ሁሴን ራሳቸው ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ጥቅምት ላይ፣ አንድ ዓርብ ማታ፣ እትዬ ዘሃራ በሬን አንኳኩታ «ነገ ኦፍ ነሽ አይደል? ጠዋት ቦይ ልናይ እንሄዳለን» አለችኝ። የምን ቦይ? «መሃል ከተማ፣ ወንዙ ዳር ያለው ነዋ፤ ያ የድሮው። ተቆፍሮ ወጣ እኮ፤ ሰው ሁሉ እያየው ነው።» ሱቁስ? አልኳት። ዓይኔን ሳታይ «እዘጋዋለሁ» አለች።

እዘጋዋለሁ! በቅዳሜ! ቦይ ለማየት!

ያችን ቃል ስሰማ የጠረጠርኩት መርዶ ነው። ምክንያቱም ያን ዕለት ጠዋት ከሥራ በፊት በካርድ ወደ አዲስ አበባ ደውዬ ነበር። ያነሳው ወንድሜ ነው። እማዬን አገናኘኝ ስለው ትንሽ ዝም ብሎ «ወጣ ብላለች» አለኝ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤተ ክርስቲያን ውጪ የትም አትወጣም፤ እዚያም የምትሄደው ተደግፋ ነው። ወዴት? ብለው «ሰው ልትጠይቅ፣ በታክሲ» አለ። ማንን? ስል ካርዱ አለቀ። ቀኑን ሙሉ ቢሮዬ ተቀምጬ ያችን ዝምታ ሳገላብጥ ዋልኩ። ወንድሜ ሲዋሽ መጀመሪያ ትንሽ ዝም ይላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ማታ ደግሞ እትዬ ዘሃራ ሱቅ ልትዘጋ ነው።

ለምን ቁርጡን አልጠየቅሽም ትሉኛላችሁ። እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? «እናቴ ሞታለች ወይ?» ልበል? ሞታ ከሆነ ያለ ሰዓቱ አስነገርኳቸው፤ ያን ሁሉ ዝግጅት አበላሸሁባቸው ማለት ነው። ሳትሞት ከሆነ ደግሞ አሟረትኩባት ማለት ነው፤ በገዛ አፌ፣ በገዛ እናቴ ላይ! እንደገና እንዳልደውል ወንድሜን ሁለተኛ እንዲዋሽ ማስገደድ ሆነብኝ፤ ልጁ አዝኖ ይሆናል፣ አሳዘነኝ። ደግሞም እኔ ሰው ፊት ሻይ ስጠጣ ድምፅ እንዳይሰማብኝ ብዬ እፍ እፍ ብዬ አቀዝቅዤ የምጠጣ ሰው ነኝ። እናቴ በዚህ ትስቅብኛለች፤ «ያንቺን ሻይ ሙቀቱን የሚያውቀው ስኒው ብቻ ነው» ትለኛለች። እንዲህ ያለ ሰው ተነስቶ ማን ሞተ ብሎ ይጠይቃል?

ቅዳሜ ጠዋት ምልክቶቹ ተራ በተራ መጡ። ጋሽ ሁሴን የመኪናውን በር ከፈቱልኝ። ጋሽ ሁሴን ለማንም በር ከፍተው አያውቁም፤ እትዬ ዘሃራ ነፍሰ ጡር ሆና እንኳ ራሷ ነበር የምትከፍተው። ሞተሩ ሲነሳ ሁልጊዜ አብሮ የሚነሳው የመንዙማ ካሴታቸው አልተነሳም። እትዬ ዘሃራ ከፊት ዞር ብላ «ቁርስ በልተሻል?» አለች። በልቻለሁ ብላት አላመነችኝም፤ ሳምቡሳ በሶፍት ጠቅልላ ሰጠችኝና እስክጨርስ በመስታወት ታየኛለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ይሄን ጃኬት ነው የለበሽው? ሌላ የለሽም? ይሁን፤ አምላክ ያውቃል» አለች። አምላክ የሚያውቀው ምንድነው? ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ሲጮኽ «ተይው፣ ዛሬ ስልክ የለም» ብላ ከእጄ ወስዳ ድምፁን አጠፋችው። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ልጠብቅ?

መኪናውን ፓርክ አደረግን። ጋሽ ሁሴን፣ ነጻ ቦታ ፍለጋ ግማሽ ከተማ የሚዞሩት ጋሽ ሁሴን፣ ለፓርኪንግ ያለ ጭቅጭቅ ከፈሉ።

ቦይ ሲባል እኔ የጠበቅኩት ክረምት ላይ ሞልቶ ጫማ የሚወስደውን የሰፈራችንን ዓይነት ነው። ይኼኛው ሌላ ነው። ከወንዙ ፏፏቴ አጠገብ ጣሪያ የሌላቸው የድሮ የዱቄት ወፍጮ ቤቶች ግንብ ብቻቸውን ቆመዋል፤ ከእነሱ ሥር ከቢጫ ድንጋይ የተሠሩ ቅስቶች አሉ፤ ከቅስቶቹ ውስጥ ውሃ ይወጣና በግንብ መካከል፣ ቡናማ ሆኖ፣ ሳይቸኩል ወደ ወንዙ ይሄዳል። ላዩ ላይ የእንጨት መረማመጃ ተሠርቶለታል። ከወዲያ በድንጋዩ ድልድይ ላይ ሰዎች ብስክሌት ይነዳሉ። ቆንጆ ነው። አሁን ነው ቆንጆ ነው የምለው፤ ያኔ ያየሁት መቃብር ነበር።

መረማመጃው ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ቆሟል። ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት። በቅዳሜ ጠዋት፣ ቦይ ዳር። በዙሪያው ያለው ሰው በሙሉ ቁምጣና የስፖርት ጫማ ነው።

እትዬ ዘሃራ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ይልማ ይባላል፤ የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳ። ያገርሽ ልጅ ነው፤ የእናትሽን ሰፈር ያውቀዋል» አለችኝ። በቃ፣ ተገለጠልኝ። ወሬው የመጣው በዚህ ሰው ነው። ዘመዶቹ እናቴ ሰፈር ናቸው፤ እነሱ ደውለውለታል፤ እሱ ለእትዬ ዘሃራ ነግሯል፤ የሚያረዳኝም እሱ ነው። ፊቱን አየሁት። ላብ በላብ ነው። ምስኪን፣ ከባድ ሥራ ነው የሰጡት ብዬ አዘንኩለት። እጁን ዘርግቶ «እንደምን አደሩ» ሲለኝ በሁለት እጄ ጨበጥኩት።

«እናትዎ በጤና ናቸው?» አለኝ ወዲያው።

እስቲ ፍረዱኝ። የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው ለምንድነው? እኔ ምን ያህል እንደማውቅ ሊለካ ነው እንጂ። «ደህና ናት... መሰለኝ» አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ጫማውን ማየት ጀመረ። ዓይኔን ማየት አቃተው። ቀጠለና «ወንድም አለዎት አይደል?» አለ። አንድ አለኝ አልኩ። «ጥሩ ነው፤ ወንድ ልጅ አጠገብ መኖሩ ጥሩ ነው» አለ። ለቀብሩ መሆኑ ነው። ትንሽ ሄድ አልንና «በቅርቡ ወደ አገር ቤት የመሄድ ሐሳብ ይኖርዎት ይሆን?» አለ። ቲኬት! ቲኬቱንም አስበውልኛል። እትዬ ዘሃራና ጋሽ ሁሴን ሆን ብለው ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ ዞር ባልኩ ቁጥር ሁለቱም ፏፏቴውን ማየት ይጀምራሉ።

ከዚያ ሰውየው የሚለው አለቀበትና ወደ ሰሌዳዎቹ ዞረ። በየቦታው የቦዩን ታሪክ የሚናገር ጽሑፍ ቆሟል፤ እያንዳንዱን ፊት እየቆመ በእንግሊዝኛ አነበበልኝ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ መለሰልኝ። ታሪክ የተባለው ነገር ደግሞ ሲነበብ ሌላ ወሬ የለውም፤ የሞተ ሰው ነው። እዚህ ጋ ዱቄቱ እሳት ነክቶት ፈንድቶ ወፍጮ ቤቱ ከነሠራተኞቹ ጠፋ። እዚያ ጋ ዋሻው ተደረመሰ። «ያሳዝናል» ይላል፤ ክራቫቱን ያላላል፤ «እንግዲህ ሰው ነን» ይላል፤ ወደሚቀጥለው ሰሌዳ ይሄዳል። እኔ ከኋላው እከተላለሁ። እንዴት ያለ ብልህ ሰው ነው እያልኩ በልቤ አደንቀዋለሁ፤ በማላውቃቸው ሙታን ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ እኔዋ እያቀረበኝ ነው።

የመጨረሻው ሰሌዳ ላይ ስንደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይህ ቦይ ወፍጮዎቹ ሲዘጉ ጠጠርና አፈር ተሞልቶ ተቀበረ ይላል፤ ብዙ ዘመን ሰው ከላዩ ላይ ሲመላለስ ኖረ፤ ከሥሩ ምን እንዳለ ያሰበ የለም። ይልማ ንባቡን ትቶ ወደ ውሃው ተመለከተ። «እኔ ከዚህ በላይ ባለው መንገድ በየቀኑ አውቶቡስ ነድቼ አልፋለሁ» አለኝ። «ማቆም አልችልም፤ ፌርማታ የለውም። አንድ ቀን ወርጄ አየዋለሁ እያልኩ ስንት ጊዜ አለፍኩ። አዩ፣ ሰው ቅርቡ ያለውን አያይም። ነገ አየዋለሁ ይላል።»

እኔ በዚያ ዓመት አገር ቤት ሄጄ እናቴን ላያት አስቤ ነበር። ሥራ በዛ ብዬ ለሚቀጥለው ዓመት አስተላለፍኩት።

አለቀስኩ። ዝም ብዬ አይደለም፤ ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ፣ ሰው እያየኝ፣ ድንጋዩን ተደግፌ። ይልማ ፊቱ ተለዋወጠ። ከኪሱ የተተኮሰ ነጭ መሐረብ አውጥቶ፣ እሱም ሊያለቅስ ትንሽ ሲቀረው፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። አሁን ይነግረኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልነገረኝም። እትዬ ዘሃራ ደርሳ አቀፈችኝ፤ በትከሻዬ ላይ ወደ እሱ «አላልኩህም? ሆደ ቡቡ ናት፤ ጨዋ ልጅ» ስትለው ሰማሁ። ይህንንም ቢሆን ከመርዶ ሌላ በምን ልተረጉመው? ጋሽ ሁሴን ብቻ ድንጋዩንም እኔንም በየተራ አይተው «ለዚህ ነው?» አሉ።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ ባለቤቴ ዛሬም እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደዚያ ቦይ ይወስደዋል። የመጨረሻው ሰሌዳ ጋ ያቆመውና «እዚህ ጋ ነው ያለቀሰች። ድንጋይ አይታ! የወፍጮ ቤት ታሪክ ስነግራት! እንዲህ ያለ ልብ ያላት ሴት ሳገኝ ምን ልጠብቅ?» ይላል። እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌ መሬት አያለሁ። እንግዳው ትሕትና ነው ይላል። ባለቤቴ ይህን ያነብባል ብዬ አልፈራም፤ እሱ የሚያነበው ቆሞ ያገኘውን ሰሌዳ ብቻ ነው።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ወደ ቤት ሲመልሱኝ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣሁ። በሬ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። ወንበር ተደርድሮ፣ ሰው ተሰብስቦ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። ከፈትኩ። ማንም የለም። ጠዋት የተውኩት ስኒ እንኳ እዚያው ነው። እትዬ ዘሃራ ከኋላዬ «በይ እረፍት አድርጊ፤ ነገ በጠዋት እንመጣለን፤ የትም እንዳትሄጂ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ነገ በጠዋት። ገባኝ። ቦዩ ላይ ሳለቅስ ጊዜ አሳዘንኳቸውና ዛሬ አላስቻላቸውም፤ ወደ ደንቡ ተመልሰው በጎህ ሊነግሩኝ ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም ብል ይበቃል።

ጠዋት ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። እናቴ ቤቷ ሳይጠረግ ሰው የተቀበለችበት ቀን የለም፤ ለእሷ ለቅሶ የሚመጣ ሰው የልጇ ቤት ተዝረክርኮ ሊያገኝ ነው? ጠረጴዛውን ወደ ማዕድ ቤት አስገባሁ። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋሁ። ያሉኝን ወንበሮች ዙሪያውን ደረደርኩ፤ አልበቃ ሲሉ ሻንጣዎቼን አጋድሜ አንሶላ አለበስኳቸው። የሶፍት ካርቶኖች በየመቀመጫው አጠገብ አኖርኩ። ትልቁን ማንቆርቆሪያ ሻይ ጣድኩ። ለሥራ ኢንተርቪው የገዛሁትን ጥቁር ቀሚስ ለበስኩ። መጨረሻ ላይ፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጥግ፣ የእናቴን ፎቶግራፍ አቆምኩና ፊቷ ላይ አንድ ሻማ አበራሁ። ፎቶዋ ላይ እየሳቀች ነው። «ይቅር በይኝ፣ ዘንድሮ መምጣት ነበረብኝ» አልኳት።

በሩ ተንኳኳ።

በበሩ ቀዳዳ ሳይ እትዬ ዘሃራ ትልቅ ድስት አቅፋለች። ጋሽ ሁሴን የውሃና የለስላሳ ካርቶን ተሸክመዋል። ከኋላቸው ይልማ፣ ያንኑ ጥቁር ሱፍ እንደለበሰ። የጠረጠርኩት ሁሉ በአንድ ቀዳዳ ታየኝ። ጩኺ ጩኺ አለኝ፤ ግን ጎረቤቶቹ ተኝተዋል፣ እሑድ ነው፣ አፈርኩ። ዝም ብዬ ከፈትኩ።

እትዬ ዘሃራ ድስቱን እንደያዘች ገብታ ዙሪያውን ቃኘች። ወንበሮቹን አየች፤ ሻንጣዎቹን አየች፤ ሶፍቱን አየች። «እንዴ!» አለች። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም፤ ከዓርብ ጀምሮ ገብቶኛል» አልኳት።

«ቦዩ ጋ ስትሆኚም?»

«እዚያም አውቄያለሁ። ለዚህ እኮ ነው ያለቀስኩት።»

እትዬ ዘሃራ ድስቱን መሬት አስቀመጠችና አንገቴን ይዛ ዓይኔን አየችኝ። «እና... ተቀበልሽው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ከአምላክ ከመጣ ምን አደርጋለሁ? እቀበለዋለሁ እንጂ» አልኩ።

እትዬ ዘሃራ እልልታዋን አቀለጠችው። እልልልል! የታች ጎረቤት በመጥረጊያ ጣሪያውን ይደበድብ ጀመር። ጋሽ ሁሴን «አልሃምዱሊላህ» ብለው ካርቶኑን ጣሉት። እኔ ደንዝዤ ቆሜያለሁ። በእናቴ መርዶ ላይ እልል ይባላል? ይህቺ ሴት አብዳለች ልበል ስል ከብብቷ ስልኳን አውጥታ ደወለችና ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። «ያዢ፣ እናትሽ ናት፤ ከነጋ ጀምሮ እየጠበቀች ነው።»

«እህስ?» አለ ስልኩ። የእናቴ ድምፅ ነው። «ልጁን እንዴት አገኘሽው? እኔ ዓርብ ዕለት ቤተሰቦቹን ሄጄ አይቻለሁ። ደረጃቸው ገደለኝ እንጂ ሰዎቹስ ጨዋ ናቸው። ላንቺ እንዳይነግርሽ ወንድምሽን በስንት ልመና ዝም አሰኘሁት፤ ገና ሰው ሊያይሽ ነው ሲባል ትሸሺያለሽ ብዬ እኮ ነው... አንቺ! ትሰሚያለሽ? እሺ ልበላቸው?»

«እማዬ» አልኩ።

«ምነው፣ አልወደድሽውም?»

«እሺ» አልኩ። «እሺ እማዬ፤ እሺ፤ እሺ።» እውነቱን ልናገር፤ የዚያን ሰዓት ጋሽ ሁሴንን አግቢ ብትለኝም እሺ እል ነበር። ትኑርልኝ እንጂ፣ እሷ ያለችውን ሁሉ አደርጋለሁ። እንዲያው በደህና ቀን ስለሆነ ነው ይልማ የደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲህም «እሺ»ዬን መልሽ ተብዬ ብጠየቅ አልመልሰውም።

ይልማ አንሶላ የለበሰው ሻንጣ ላይ ተቀምጧል። ከአጠገቡ ካለው ካርቶን ሶፍት መዝዞ ግንባሩን እየጠረገ ለጋሽ ሁሴን «አዩ፣ ላቤን እንኳ አስባልኛለች» ይላቸዋል። እትዬ ዘሃራ ጥቁር ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አይታ «የዚህ አገር ሰው እንዲህ ነው የሚለብሰው፤ ያምርባታል» እያለች ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው አቅጣጫ ልትመጣ ስትል ብቻ ነው የነቃሁት።

ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል አጣብቄ፣ ጀርባዬን ለእንግዶቹ ሰጥቼ፣ የእናቴን ፎቶግራፍ በደረቱ አስተኛሁና ሻማውን እፍ አልኩት። አልጠፋ አለኝ። ደግሜ እፍ አልኩ።

«ምንድነው እፍ እፍ የምትይው?» አለችኝ እናቴ ከአዲስ አበባ።

«ሻይ እያቀዘቀዝኩ ነው» አልኳት።